ከጠቡ በፊትና ከጠቡ በኋላ፦ የዱር ቺምፓንዚዎችን ማኅበራዊ ኑሮ ስለ መቅረጽ

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ሦስት ጓደኛሞች ነን። የዱር ቺምፓንዚዎችን ማኅበራዊ ኑሮ የሚያሳይ የአንድ ሰዓት ዘጋቢ ፊልም መሥራት እንፈልጋለን። እስካሁን የሠራነው ስለ ሰዎች ብቻ ነው። የትኛው ጫካ ይሻላል? ምን ዓይነት ካሜራና ሌንስ እንያዝ? ምን ያህል መጠጋት ይቻላል? አንድ ወር ይበቃናል ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ማን የማን ወዳጅ፣ ማን የማን ባላጋራ እንደሆነ ለተመልካች እንዴት ነው የምናሳየው?»

ከመጨረሻው ጥያቄ እጀምራለሁ። የቦታውም፣ የካሜራውም፣ የጊዜውም መልስ የሚወጣው ከሱ ነውና።

ስለ ቺምፓንዚ ፊልም ሲታሰብ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ጠብ ነው። ጸጉሩን አቁሞ ቅርንጫፍ እየጎተተ የሚሮጥ ወንድ፣ የሚጮኹ ሴቶች፣ እናቱ ሆድ ላይ የሚለጠፍ ግልገል። ይህ ሁሉ ይገኛል፤ አይቸግርም። ግን ጠብ ብዙውን ጊዜ በሴኮንዶች ያልቃል። ካሜራው ዞሮ እስኪደርስ የሚወዛወዝ ቅጠል ብቻ ይቀራል። ደርሳችሁ ብትቀርጹትም፣ ተመልካቹ ማን ማንን ለምን እንደመታ ካላወቀ ሁካታ ነው የሚሆንበት። ማኅበራዊ ኑሯቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከጠቡ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓትና ከጠቡ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ነው። ማን ማን አጠገብ ተቀመጠ? ማን የማንን ጸጉር እየገለጠ ቃመለ? ማን ሲመጣ ማን ተነስቶ ሄደ? በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ጥሩ ፊልም ከተራ ፊልም ሲለይ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሰው መሥራታችሁ በጣም ይጠቅማችኋል። ቤተሰብ ሲጣላ የሚጮኸውን ብቻ አትቀርጹም። ጥግ ላይ ዝም ብላ የምታየዋን አያትም ትቀርጻላችሁ። ጫካ ውስጥም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። ጠዋት ነው እንበል። አራት ወንዶች አንድ የሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይቃመላሉ። አምስተኛው ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ ይላል። ትከሻው ላይ ያለው ጸጉር ቆሟል፤ አረማመዱ ዘገም ያለ ነው። ከአራቱ አንዱ ወዲያው ይነሳል። ጎንበስ፣ ቀና እያለ፣ በአጭር በአጭሩ «ኧህ ኧህ ኧህ» እያለ ትንፋሽ የተቀላቀለበት ድምፅ ያሰማል። ጠጋ ብሎ እጁን ይዘረጋል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ያደርጋሉ። አራተኛው ግን ጀርባውን ሰጥቶ የራሱን እግር መቃመሉን ይቀጥላል። አላየም እንዳትሉ፣ ማንቁርቱ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ አይኑ ወደ ጎን ሄዶ ይመለሳል።

ያ አጭር ድምፅ በቺምፓንዚዎች ዘንድ የአክብሮት ሰላምታ ነው። ሁልጊዜ ከታችኛው ወደ ላይኛው ነው የሚሄደው። ተመራማሪዎች የወንዶቹን ደረጃ በቅደም ተከተል የሚያወጡት በዋናነት ማን ለማን ይህን ድምፅ እንዳሰማ እየመዘገቡ ነው። እንግዲህ ያልተለማመደ ካሜራማን ምን ያደርጋል? የመጣውን ትልቁን ወንድ ይከተላል፤ ግርማው ይስበዋላ። ታሪኩ ያለው ግን ሰላምታ የነፈገው ጋ ነው። ከሳምንታት በኋላ ያ ወንድ ትልቁን ቢገዳደር፣ ይህቺ ጀርባ የመስጠት ቅጽበት የፊልማችሁ ዋና ምስል ትሆናለች። ካልቀረጻችኋት ግን በትረካ ልትሞሏት ትሞክራላችሁ፤ ያኔ ተመልካቹ አያምናችሁም።

ለዚህ ነው ስሞቹን ቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ። ከፊት ቅርጽ፣ ከጆሮ፣ ከአካሄድ፣ ከጠባሳ ይለያሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ለሌላ እንስሳ በተጠመደ ወጥመድ ጣታቸውን ወይም እጃቸውን ያጡ ናቸው፤ እነሱን መለየት ቀላል ነው፣ ማየቱ ቢያምም። የመስክ ረዳቶቹ እያንዳንዱን በሩቁ፣ አንዳንዴም በድምፁ ብቻ ያውቁታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ካሜራ ሳትከፍቱ ከነሱ ጋር ተቀመጡና ተማሩ። ቀኑ የባከነ ይመስላል፤ አይደለም።

የዝምድናን ነገር ደግሞ አትርሱ። ቺምፓንዚዎች ዘንድ ወንዶቹ በተወለዱበት ማኅበረሰብ ይኖራሉ፤ ሴቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ስለዚህ ወንድማማቾች ዕድሜ ልካቸውን አብረው ናቸው። በታንዛኒያዋ ጎምቤ የታወቀ ታሪክ አለ። ፊጋንና ፋበን ፍሎ የተባለች ቺምፓንዚ ልጆች ነበሩ። ፋበን በ1966 በፖሊዮ አንድ እጁ ሽባ ሆነበት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የበላይነቱን ቦታ ለራሱ የመያዝ ተስፋው እዚያው አበቃ። ታናሽየው ፊጋን ግን በ1973 የበላዩ ወንድ ሲሆን ከጎኑ የቆመው ያ አንድ እጁ ሽባ የሆነው ወንድሙ ነበር። ይህን የማያውቅ ካሜራማን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቢያይ ሌንሱን ወደ ሌላ ያዞራል። የሚያውቅ ግን ባትሪው እስኪያልቅ ይቀርጻል።

ሴቶቹን አትዝለሉ። ወንዶቹ ጫጫታ ስለሚያበዙ ፊልም ሠሪ ሁሉ እነሱን ተከትሎ ይነጉዳል። ከሌላ ማኅበረሰብ አዲስ የመጣች ወጣት ሴት ግን በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጥ ባለታሪክ ናት። ነባሮቹ ሴቶች ይገፏታል፣ ያሳድዷታል። ወንዶች አጠገብ በመቆየት ከለላ ትፈልጋለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የመጣችው ሰው ካልለመደ ማኅበረሰብ ከሆነ ከነባሮቹም በላይ የምትፈራው እናንተን ነው። ግንድ ጀርባ ትሸሸጋለች፤ ወይም ጥላችሁ ትሄዳለች። እሷን ለመቅረጽ ራቅ ብሎ፣ ፊትን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ነው። ስታያችሁ ከተረበሸች ደግሞ መተው። የቡድኑ አካል ለመሆን ስትታገል እናንተ ተጨማሪ ሸክም ልትሆኑባት አይገባም።

አሁን ወደ ቦታው። ምርጫችሁ ሰው በለመዱ ማኅበረሰቦች የተወሰነ ነው። ሰው ያልለመዱ ቺምፓንዚዎች ገና ኮቴ ሲሰሙ ይጠፋሉ። ሰውን ማስለመድ ደግሞ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ለፊልም ተብሎ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ሰውን መፍራት ያቆመ ቺምፓንዚ ከሕገ ወጥ አዳኝም አይሸሽም። አስለምዳችሁ ጥላችሁ ከሄዳችሁ ለጥይት አጋልጣችኋቸው ነው የሄዳችሁት። ስለዚህ ለረጅም ዓመት ተመራማሪና ጠባቂ ያለበት ቦታ ብቻ ሂዱ።

ከነዚህ መካከል ጎምቤ ከ1960 ጀምሮ፣ ተመራማሪዋ ጄን ጉዳል ከሄደችበት ጊዜ አንስቶ የቤተሰብ የዘር ሐረግ የተመዘገበበት ነው። የልጅ ልጅን ታሪክ ከፈለጋችሁ እሱን የሚያህል የለም። እዚያው ታንዛኒያ ያለው ማሃሌ በቶሺሳዳ ኒሺዳ አማካኝነት ከ1965 ጀምሮ የተጠና ነው። እዚያ ሁለት ቺምፓንዚዎች አንድ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ከራሳቸው በላይ ተያይዘው፣ በሌላኛው እጅ ሲቃመሉ ታያላችሁ። ለምስል በጣም ያምራል። በአይቮሪ ኮስት የታይ ጫካ ክሪስቶፍ ቦሽ በ1979 የጀመረው ጥናት አለ። ለውዝ በድንጋይና በእንጨት ሲሰብሩ፣ ግልገሎቹም እናታቸው ሥር ተቀምጠው ለዓመታት ሲማሩ የሚታየው እዚያ ነው። ጫካው ግን ጨለማ ነው፤ ካሜራችሁን ይፈትናል። ሴኔጋል ያለው ፎንጎሊ ተቃራኒው ነው። ገላጣ የሣር ምድር፣ ብዙ ብርሃን፣ ከባድ ሙቀት፤ በሙቀቱ ወራት ዋሻ ውስጥ ያርፋሉ። እዚያ ተመራማሪዎቹ የሚከታተሉት በዋናነት አዋቂ ወንዶችን ስለሆነ የእናትና ልጅ ታሪክ ይዛችሁ አትሂዱ።

የወንዶች ፖለቲካ ከሆነ የምትፈልጉት፣ የዩጋንዳው ኪባሌ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ንጎጎ ነው። ማኅበረሰቡ ወደ 200 የሚጠጋ አባል እስኪኖረው ድረስ አድጎ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጥ በዱር አልተመዘገበም። ከ2015 ወዲህ ግን ለሁለት ተከፈለ። አብረው ያደጉ፣ አብረው ሲቃመሉ የኖሩ ወንዶች ባላንጣ ሆኑ፤ መገዳደልም ደረሱ። በታሪካችሁ ውስጥ ይህን የምትነኩ ከሆነ ከተመራማሪዎቹ ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። በችኮላ የሚቀረጽ ነገር አይደለም።

አንድ ወር ይበቃል ወይ ላላችሁት፣ ለማኅበረሰቡ በሙሉ ከሆነ አይበቃም። ቺምፓንዚዎች እንደ ዝንጀሮ መንጋ ሆነው አብረው አይውሉም። ማኅበረሰቡ አንድ ቢሆንም በቀን ውስጥ በትናንሽ ቡድን ይበተናል፤ ይገናኛል፤ እንደገና ይበተናል። ዛሬ አብረው ያያችኋቸው ሁለት ወንዶች ለሳምንት ላይገናኙ ይችላሉ። ፍሬ በብዛት ሲገኝ ትልልቅ ቡድን ይሆናሉ፤ ሰላምታው፣ ጠቡ፣ ዕርቁ ሁሉ ያኔ ይበዛል። ፍሬ ሲጠፋ እያንዳንዱ ብቻውን፣ እናቶችም ከልጆቻቸው ጋር ብቻ ይውላሉ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያፈራ ተመራማሪዎቹን ጠይቁ። በጀታችሁን ከፋፍላችሁ በተለያየ ወቅት ብትመላለሱ፣ በአንድ ጊዜ ረጅም ከመቆየት ይሻላል። ዕድገትም፣ የደረጃ ለውጥም የሚታየው በመመላለስ ነው።

ያላችሁ አንድ ወር ብቻ ከሆነ ታሪኩን አጥቡት። አንዲት እናት ምረጡ፤ ሁለት ልጆች ያሏት ብትሆን ይመረጣል። ቺምፓንዚ በአማካይ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት አንዴ ነው የምትወልደው፤ ግልገሉም እስከ አራት አምስት ዓመቱ ይጠባል። ታላቅየው ታናሹን ሲያዝል፣ ሲያጫውት፣ ሲቀናም ታያላችሁ። ቤተሰቡ አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ባለታሪኮቻችሁ አይጠፉባችሁም። ማታ ከልጇ ጋር የምትተኛበትን ጎጆ ቅርንጫፍ አጥፋ ስትሠራ አይታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሳይነጋ ተመልሳችሁ ከዛፉ ሥር ትጠብቃላችሁ። ከጎጆ እስከ ጎጆ አንድን እንስሳ መከተል ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ ለፊልምም ከሱ የተሻለ አላገኘሁም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ምን ያህል መጠጋት ይቻላል? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው የሚጠይቀው የራሱን ደኅንነት አስቦ ነው። አደጋው በአብዛኛው በተቃራኒው ነው። እኛ ነን የምንገድላቸው፤ በጉንፋን።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ከላይ የነገርኳችሁ የፋበን ፖሊዮ የመጣው በአካባቢው ሰዎች ላይ በሽታው በተነሳበት ጊዜ ነው። በታይ ጫካ ከ1999 እስከ 2006 በተነሱ የመተንፈሻ አካል ወረርሽኞች የሞቱ ቺምፓንዚዎች ሬሳ ሲመረመር የተገኙት ሰዎችን የሚያስሉ ቫይረሶች ናቸው። በ2013 እዚያው ኪባሌ ውስጥ ባለው ካንያዋራ በተባለ ሌላ ማኅበረሰብ፣ ለሰው ተራ ጉንፋን በሆነ የራይኖቫይረስ ዓይነት ከ56 ቺምፓንዚዎች 5 ሞቱ። በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ንጎጎ ላይ 25 ሞቱ፤ ያም ከሰው የመጣ ቫይረስ ነው። እነዚህ እንስሳት በአምስት ወይም በስድስት ዓመት አንድ ልጅ ነው የሚወልዱት ብያለሁ። 25 ሞት ምን ያህል ትውልድ እንደሚወስድ አስሉት።

ስለዚህ ክትባታችሁን ጨርሳችሁ ሂዱ። ከደረሳችሁ በኋላ ወደ ጫካ ሳትገቡ በካምፕ ተለይታችሁ የምትቆዩበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ቦታ ቢያንስ አንድ ሳምንት ነው። እሱን ከቀረጻ ቀናችሁ ለመቀነስ አትደራደሩ። ማስክ ሁልጊዜ። ርቀት ቢያንስ 10 ሜትር፤ የጣቢያው ሕግ ከዚህ በላይ ካለ የሱ ሕግ ይጸናል። ጫካ ውስጥ አትብሉ፣ አትትፉ፣ ምንም ጥላችሁ አትሂዱ። ከሦስታችሁ አንዱ ጉሮሮው ከከረከረው ካምፕ ይቀራል፤ የዚያን ቀን ምንም ይፈጠር ምን ይቅርባችሁ። «ትንሽ ነው፣ አለርጂ ነው» የሚል ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ካለ ከመነሳታችሁ በፊት በሌላ ተኩት።

እነሱ ራሳቸው ሲጠጉስ? ይጠጋሉ። ግልገሎች በተለይ ትራይፖዱ ያጓጓቸዋል። ያኔ እናንተ ናችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ የምትሉት፤ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር። ግልገሉ ሌንሱን ሲነካ የሚያሳይ ምስል አሁንም ተመልካች ይወደዋል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል፤ የሚያዩትንም ሰዎች ያንኑ እንዲመኙ ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ የሌንሱ ምርጫ ራሱ ይወጣል። በ10 ሜትርና ከዚያ በላይ ፊት ለመሙላት ረጅም ዙም ያስፈልጋችኋል። ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሆነው የሥራ ፈረሳችሁ ይሁን። ከ50 እስከ 1000 የሚደርሰው ሲኒማ ሌንስ ድንቅ ነው፤ ግን ተሸክማችሁ ሐረግ ውስጥ ለሰዓታት መጎተት የምትችሉ መሆናችሁን መጀመሪያ እወቁ። ቺምፓንዚ መሄድ ሲጀምር አይጠብቃችሁም። ትራይፖድ ለተቀመጡበት ጊዜ፣ ባለ አንድ እግሩ ሞኖፖድ ለመንገድ።

የብርሃኑ ነገር ዋናው ፈተና ነው። ጥቁር ፊት፣ ጥቁር ጸጉር፣ ከኋላ በቅጠሉ መካከል የሚያበራ ነጭ ሰማይ። ካሜራውን አውቶ ላይ ከተዋችሁት ሰማዩን ያድንና እንስሳውን ያጠፋዋል። ብርሃኑን በእጅ ለፊቱ አስተካክሉ፤ ሰማዩ ይቃጠል። አይኑ ካልታየ ምንም የለም። በደካማ ብርሃን ንጹሕ ምስል የሚሰጥ ሴንሰር ከፒክሰል ብዛት ይበልጣል። ሌላው፣ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ያሉትን ሴኮንዶች ይዞ የሚያስቀር ቀድሞ የመቅጃ አገልግሎት ያለው ካሜራ ያዙ። ከጠቡ በፊት የሚሆነውን ነው የምንፈልገው ብለን የለ?

የካሜራው ከፍታም ትኩረት ይፈልጋል። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች ስትቀርጿቸው ያንሳሉ፤ የምትታዘቧቸው ነገሮች ይመስላሉ። ትራይፖዱን አውርዳችሁ አይናቸው ትክክል ስታደርጉት ወዲያው ሰብእና ያገኛሉ። ወገብ ያማል፤ ይቻል።

ድምፅን ለካሜራው ማይክ አትተዉት። ከሦስታችሁ አንዱ ሥራው ድምፅ ብቻ ይሁን። ያ የሰላምታ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ ጥሩ አቅጣጫ ለይቶ የሚሰማ ማይክ ካልተያዘ በነፍሳቱ ጩኸት ይዋጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ከሙሉ ጸጥታ ተነስቶ ሸለቆውን የሚያናውጥ የጋራ ጩኸት ይመጣል፤ የዛፍ ሥር እንደ ከበሮ ሲደበደብም እንዲሁ። መቅጃችሁ ሁለቱንም ሳያዛባ የሚይዝ ይሁን። ሦስተኛው ሰው ማስታወሻ ይያዝ፦ ስም፣ ሰዓት፣ ማን ወደ ማን ዞረ። ከስድስት ወር በኋላ ኤዲት ስታደርጉ ያቺ ደብተር ከካሜራው እኩል ዋጋ ይኖራታል።

ምልክቶቻቸውን ማንበብ ተለማመዱ፤ ቀድማችሁ እንድትዘጋጁ ይረዳችኋል። አንዱ ረዘም አድርጎ፣ ድምፁ እስኪሰማ ክንዱን ካከከ፣ ብዙ ጊዜ መቃመል ሊጀመር ነው፤ አለዚያም እናት ልጇን «እንሂድ» እያለችው ነው። ጸጉር ከቆመ ተዘጋጁ። ጥርስ ሁሉ ወጥቶ አፍ ወደ ኋላ ከተሳበ ያ ፍርሃት ነው። ሳቅ ይመስላል፤ አይደለም፤ በትረካም ሳቅ ብላችሁ እንዳትሉት። ሲጫወቱ የሚያሳዩት ፊት ሌላ ነው፤ አፉ ላላ ብሎ ይከፈታል፣ የላይኛው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ይሸፈናል፣ ማለክለክ የመሰለ ሳቅም አለው።

ጠቡ ሲያልቅ ደግሞ ካሜራውን አትዝጉ። ይህንን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ፍራንስ ደ ቫልና ባልደረባው በ1979 በኔዘርላንድስ የአርንሄም መካነ እንስሳት ባደረጉት ጥናት፣ የተጣሉ ቺምፓንዚዎች ከጠቡ በኋላ እርስ በርስ እንደሚፈላለጉ አሳዩ። ይተቃቀፋሉ፣ ይሳሳማሉ። በዱር ያሉትም እንደዚሁ ያደርጋሉ። አንዱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ቁስሉን ይነካካል። አሥር ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ። ከዚያ ሌላው በቀጥታ ሳያየው፣ እግረ መንገዱን የመጣ መስሎ ይጠጋል። እጅ ይዘረጋል፤ መዳፉ ወደ ላይ ነው። የተመታው አንዳንዴ ይቀበለዋል፤ አንዳንዴ ተነስቶ ይሄዳል። ሁለቱም ታሪክ ነው። ይህንን ሳያቋርጡ በአንድ ረጅም ሾት የያዘ ሰው ትረካ አያስፈልገውም።

አደንም ተመሳሳይ ነው። ቀይ ጉሬዛ ሲያድኑ ሁሉም ሰው ወደ ዛፉ ጫፍ ያነጣጥራል፤ የሚያገኘው ሰማይ ላይ የሚሯሯጥ ጥላ ነው። ጥቂት ሾት ያዙና ካሜራውን ወደ ታች አውርዱ። ሥጋው የማን እጅ ገባ? ማን አገጩ ሥር መዳፉን ዘርግቶ ይለምናል? ለማን ተሰጠ፣ ለማን ተከለከለ? ሥጋ ያለበት ቦታ ወዳጅነት በግልጽ ይታያል።

ጣልቃ አለመግባት የሚባለው ከምታስቡት በላይ ከባድ ነው። በ1964 ጎምቤ ላይ ማይክ የተባለ ወንድ የበላይ የሆነው ባዶ የኬሮሲን ጣሳዎችን እያጋጨና እየገፋ ሌሎቹን በማስደንገጥ ነው። ጣሳዎቹ ከሰዎቹ ካምፕ የተወሰዱ ነበሩ። እዚያው በ1960ዎቹ ሙዝ ይሰጣቸው ስለነበር ብዙ እንስሳት በአንድ ቦታ ይከማቹ ነበር፤ ጠቡም ጨምሮ ነበር። ምግብ አትስጡ። የተቀዳ ጩኸት አጫውታችሁ ምላሻቸውን አትቅረጹ። ድሮን የጫካውን ገጽታ ለማሳየት ካስፈለገ እነሱ ከሌሉበት ራቅ ብሎ ይነሳ።

ከሁሉም ስስ የሆነው የድንበር ቅኝት ነው። ወንዶቹ በአንድ መስመር፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ቆም እያሉ እያዳመጡ ወደ ጎረቤት ክልል ይገባሉ። አስደናቂ ነው፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ መከተል ይፈልጋል። ግን አስቡት። የእናንተዎቹ ሰው ለምደዋል፤ ጎረቤቶቹ አልለመዱም። ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ። ሦስት ሰው ከኋላ አስከትሎ የሚዘምት ቡድን ሳያስበው አጋዥ ጦር አገኘ ማለት ነው። መጨረሻው ደግሞ ሞት ሊሆን ይችላል፤ ጎምቤ ላይ ከ1974 እስከ 1978 አንዱ ቡድን ከሱ ተገንጥሎ የወጣውን እስኪጠፋ ድረስ አጥቅቶታል። ስለዚህ የጣቢያው ተመራማሪ «እዚህ ቁሙ» ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ፤ ወይም አንድ ሰው ብቻ ይሂድ። መሄዳቸውንና መመለሳቸውን ብቻ ብትይዙም ትዕይንቱ ራሱን ችሎ ይቆማል። ሲመለሱ ፊታቸውን፣ ቁስላቸውን፣ ማን ወደ ማን ሮጦ እንደተቃቀፈ ቅረጹ።

ኤዲቲንግ ላይ አንድ ልመና አለኝ። አንዱን ቺምፓንዚ በሌላው ስም አትጠቀሙ። ተመልካቹ አይለይም ብላችሁ የጎደለችውን ሾት በሌላ ሴት ፊት መሙላት ይቀላል፤ ብዙዎችም አድርገውታል። የዚህ ፊልም ጠቅላላ ክብደት ግን እነዚህ እንስሳት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ መሆናቸው ላይ ነው። በሚያውቋቸው ሰዎች ፊት ፊልሙን ሳትጨርሱ አሳዩት። «ይቺ እኮ እሷ አይደለችም» የሚል የመስክ ረዳት ካለ ሾቱን አውጡት። ትረካውም በታየው ልክ ይሁን። «ተናደደ» ለማለት የቆመ ጸጉሩን ማሳየት አለባችሁ። «ሊበቀል አሰበ» ለማለት ግን ማስረጃ አይኖራችሁም።

ለፈቃዱ በጊዜ ጀምሩ። የፓርኩ አስተዳደር ፈቃድ፣ የአገሩ የቀረጻ ፈቃድና የምርምር ጣቢያው ስምምነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ከሁሉ አስቀድማችሁ ለጣቢያው ኃላፊ ጻፉ፤ እሱ ወይም እሷ እሺ ካላሉ የቀረው ወረቀት ዋጋ የለውም። የመስክ ረዳቶቹን ክፍያ በበጀታችሁ ውስጥ በግልጽ አስገቡ፤ ስማቸውንም በፊልሙ መጨረሻ እንደማንኛውም የቡድኑ አባል ጻፉ። ያልተጠቀማችሁበትን ምስል ጭምር፣ ቀኑንና ስሞቹን የያዘውን ማስታወሻ አያይዛችሁ፣ ሙሉ ቅጂውን ለጣቢያው ስጡ። ማን ለማን ሰላምታ እንደሰጠ፣ የትኛው ግልገል መቼ ከእናቱ ጀርባ እንደወረደ ለሚመዘግቡት ሰዎች፣ ኤዲቲንግ ላይ የጣላችሁት ሰዓታት ሙሉ ምስል ይጠቅማቸዋል።